ግልገሉ ከመወለዱ በፊት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ዕለት ለአባላት የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። ተገቢም ነው። እኔ ግን የተሰጠኝን ጥቂት ደቂቃ ስለ እንግዴ ልጅ ለመናገር እጠቀምበታለሁ። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ ለበዓል የሚመጥን ርዕስ አይመስልም። ነገር ግን እንደ እኛ ባለው ደጋ፣ መንዝን ጨምሮ በሰሜን ሸዋ፣ የበግ ርባታ የሚከስረው ወይም የሚያተርፈው በአብዛኛው እናቲቱ ከወለደች በኋላ ለውሻ በምንጥለው በዚያ ነገር ነው።

በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚደርሰኝ አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው። «ግልገሉ በደህና ተወልዶ ነበር፤ ሌሊት ብርድ ገደለው» ይሉኛል። አንድ አባወራ ሁለት ግልገሎች በአንድ ሌሊት ሞተውበት በማግስቱ ሄጄ አይቻለሁ። ግልገሎቹ ቆዳቸው የተሸበሸበ፣ እግራቸው ቀጭን፣ ክብደታቸው እጅግ ትንሽ ነበር። የእናታቸውን ጡት ብነካው ባዶ ነው። እርግጥ ነው ብርድ ገድሏቸዋል። ነገር ግን በዚያው ሌሊት፣ በዚያው በረት፣ ከዚያው ብርድ ጋር ያደረ የጎረቤቷ በግ ግልገል ሲዘል አየሁት። ስለዚህ ብርዱን ብቻ ብንከስስ ፍርዱ ትክክል አይሆንም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጀምር። በግ አምስት ወር ታረግዛለች፤ በቀን ሲቆጠር ከ147 እስከ 150 ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው። የካቲት አጋማሽ የተጠቃች በግ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ትወልዳለች ማለት ነው። በዚህ አምስት ወር ውስጥ ጽንሱ እናቱ ከምትበላው ሣር አንዲት ቅጠል በቀጥታ አያገኝም። የእናቲቱ ደምና የጽንሱ ደምም አይቀላቀሉም። በመካከላቸው ያለው አቀባይ እንግዴ ልጁ ነው። ስኳሩን፣ የሥጋ መሥሪያውን ንጥረ ነገርና አየሩን ከእናቲቱ ደም ተቀብሎ በእትብቱ በኩል ለጽንሱ ያደርሳል፤ ከጽንሱ የሚወጣውን ቆሻሻም ይመልሳል። በዩኒየናችን ቋንቋ ብናገር፣ እንግዴ ልጅ መጋዘንም መጓጓዣም ነው። ገበሬው የቱንም ያህል ቢያመርት መንገዱ ጠባብ ከሆነ እህሉ ገበያ እንደማይደርስ ሁሉ፣ እንግዴ ልጁ ትንሽ ከሆነ እናቲቱ በመጨረሻው ወር ብትጠግብም ለጽንሱ በቂ ነገር አይደርሰውም።

በግ ያረዳችሁ ወይም ያዋለዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ የበግ እንግዴ ልጅ እንደ ሰው አንድ ወፍራም እንጀራ የሚመስል አይደለም። ስስ ሽፋን ላይ እንደ ቀይ ቁልፍ የተበተኑ እብጠቶች አሉበት። በበግ ማህፀን ውስጥ እነዚህ ቁልፎች የሚያርፉባቸው ቦታዎች ከ70 እስከ 100 ያህል ይሆናሉ። ጽንሱ ከእናቱ ጋር የሚገናኘው በእነዚህ ነው። እዚህ ላይ ዋናውን ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። እነዚህ ቁልፎች በብዛት የሚያድጉት በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ነው። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ገደማ የእንግዴ ልጁ ክብደት ጫፍ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የደም ሥሩ ይበዛል እንጂ ክብደቱ እምብዛም አይጨምርም። በአንጻሩ ጽንሱ ከሚወለድበት ክብደት 70 በመቶ ያህሉን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። ይህም ማለት መጋዘኑ የሚሠራው ሆዷ ገና ሳይታይ፣ እኛም ማርገዟን ሳናውቅ ነው። ሆዷ ገፍቶ «ይህች በግ አርግዛለች» የምንል ጊዜ መጋዘኑ ተሠርቶ አልቋል።

አሁን የካቲት የተጠቃችውን በግ እንከተላት። መጋዘኗ የሚሠራው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። በልግ ካልያዘ በእነዚህ ወራት ግጦሹ አፈር ነው፤ ጭዱም ለበሬው ተይዟል፤ እርሷ ውሃ ፍለጋ ወንዝ ወርዳ ትወጣለች። ሰኔ ሲገባ ሣሩ ለምለም ይሆንና ጽንሱ ማደግ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ያ አዲስ ሣር ውሃ የበዛበት ነው፤ መንገዱም ጠባብ ነው። መንታ ካረገዘች ደግሞ ሁለቱ ጽንሶች የማህፀኗን ቁልፎች ይካፈላሉ። ሐምሌ ላይ በዝናብና በጭቃ የሚወለደው ግልገል ትንሽ፣ በሰውነቱ ውስጥ ሙቀት የሚሰጠው ስብ የጎደለው ይሆናል። የመንዝ በግ ግልገል በተለመደው ሁኔታም ሲወለድ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ከዚህ ላይ ግማሽ ኪሎ ሲቀነስ ምን እንደሚቀር እናንተው ገምቱት።

እናቲቱ ሰውነቷ ሞልቶ ከተጠቃች ነገሩ ትንሽ ይለያል። በመካከለኛው ወራት ጥቂት ብትራብ ከራሷ ሥጋ አውጥታ፣ እንዲያውም እንግዴ ልጁን አስፍታ ለመቋቋም ትሞክራለች። ከስታ የተጠቃችው ግን ይህ አቅም የላትም። ስለዚህ በጀርባዋ ላይ እጃችሁን ጭናችሁ አከርካሪዋን ዳስሱ። አጥንቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ከተሰማችሁ፣ ያች በግ አውራ ከማግኘቷ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል መመገብ ይኖርባታል። ጸጉሯ ስለሚሸፍናት በዓይን ማየት አይበቃም።

ገና ሳታድግ የምትጠቃ ቄብ በግም ሌላ ጣጣ ናት። ራሷ እያደገች ነው። በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ የሚገኘው የሮዌት ተቋም ባለሙያዎች ባደረጉት ምርምር፣ በልጅነታቸው ያረገዙ በጎችን አብዝተው ሲመግቧቸው ምግቡ ለእናቲቱ ሥጋ እየሆነ እንግዴ ልጁ አንሶ፣ ግልገሉም ትንሽ ሆኖ ተወልዷል። በእኛ አገር አብዝቶ መመገብ የሚያሰጋን አይደለም፤ ዳሩ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው። ለሕፃን እናት መኖ ብቻውን መፍትሔ አይሆናትም። አውራውን ማራቅ ይሻላል።

የተጎዳው እንግዴ ልጅ መዘዙ በመወለድ አያበቃም። በበግ፣ በፍየልና በላም የእናቲቱ የበሽታ መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ አያልፍም። ግልገሉ ባዶ እጁን ነው የሚወለደው። የሚያገኘውም በእንገር ብቻ ነው፤ እሱንም አንጀቱ በደንብ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከአንድ ቀን በኋላ በሩ ይዘጋል። በመጨረሻው የእርግዝና ጊዜ የተራበች በግ እንገሯ ጥቂት ነው፤ ወፍራም ስለሚሆንም ደካማ ግልገል ለመጥባት ይቸግረዋል። ስለዚህ ግልገሉ በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልጠባ አልባችሁ አጠጡት። ለ2 ኪሎ ግልገል በአንድ ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ አነስተኛ የሻይ ብርጭቆ ያህል ይበቃዋል። እናቱ ከሌላት ከሌላ የወለደች በግ ወይም ፍየል ይወሰድለት። እንገርን ገና በመጀመሪያው ቀን አልቦ ለቤት ማዋል ግን የግልገሉን ክትባት ቀምቶ እንደመጠጣት ነው። የሚከፋው ይከፋው እንጂ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ከዚህም ሌላ ባና የሚሠራበት ጸጉር አለ። የበግ ጸጉር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት ግልገሉ ገና በሆድ ሳለ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት የተራበ ጽንስ በኋላ ምንም ያህል ቢቀለብ የጎደለው ቀዳዳ ተመልሶ አይሞላለትም።

እንግዲህ መኖ ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ይህን ያነሣሁት ለዚህ ጉባኤ ነው። ዩኒየናችን የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ አምጥቶ ለአባላት በብድር ሲያቀርብ፣ ቅጹ ላይ የሚጻፈው «ለማድለቢያ» ተብሎ ነው። ለእርጉዝ በግ ብሎ የሚወስድ የለም፤ ቢጠይቅም ቅጹ አይፈቅድለትም። ምክንያቱ ይገባኛል። የሚደልበው በግ በሦስት ወር ይሸጣል፣ ብድሩም ይመለሳል። እስቲ ግን አብረን እናስላ። አንድ የሚደልብ በግ በቀን 400 ግራም ለ90 ቀን ቢበላ 36 ኪሎ ይሆናል። አንዲት እርጉዝ በግ በመጨረሻዎቹ 60 ቀናት በቀን 250 ግራም ብታገኝ 15 ኪሎ ነው። አንድ ሙክት በሚበላው ሁለት እናቶች ይመገባሉ፣ ስድስት ኪሎም ይተርፋል። ከዚያች ከስድስቱ ኪሎ ላይ ለመካከለኛው ወር የክፉ ቀን ማሻገሪያ ይወጣል። የሚደልበው ጠቦት ከየት ይመጣል ብለን ከጠየቅን ደግሞ ከእነዚያው እናቶች ነው። የሞተ ግልገል አይደልብም።

ስለሆነም የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በሚቀጥለው የመኖ ብድር ቅጽ ላይ «ለእርጉዝ በግ» የሚል መስመር ይጨመር፤ የመመለሻ ጊዜውም ግልገሉ ለገበያ እስኪደርስ ይራዘም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሬ ልናገር። በብዙ ቤት እናት በጎችን የምትይዘው፣ በሽታቸውን የምታውቀው፣ ሌሊት የምታዋልደው ሴቷ ናት። መኖ በብድር የሚወጣው ግን በአባልነት በተመዘገበው በአባወራው ስም ነው። ሚስት በአባልነት የተመዘገበችበት ቤት ይህ መስመር በፍጥነት ይሞላል ብዬ እገምታለሁ።

ፋጉሎ ለማያገኝ ቤትም መንገድ አይጠፋም። ደርቆ የሚቆይ ጥሩ ድርቆሽ ጥቅምትና ኅዳር ላይ አጭዶ ለመጋቢት ማስቀመጥ፣ በጓሮ ትሪሉሰርን መትከል፣ የጠላ አተላውን ከውሻ ይልቅ ለእርጉዟ ማድረግ፣ አሞሌ ጨው ማስላስ ይቻላል። የመኖውን መጠን በየቀኑ መመዘን አያስፈልግም። አንድ ጊዜ በማኅበሩ ሚዛን 250 ግራም መዝኖ ጣሳ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ዋናው ነገር እርጉዟን ከበሬውና ከአውራው ለይቶ መመገብ ነው፤ አለዚያ ጉልበተኛው ይበላዋል።

የሚጠቁበትንም ጊዜ ማስተካከል ይቻላል። አውራው በግ ከሆዱ ሥር የጆንያ ጨርቅ ከታሰረለት ከመንጋው ጋር እየዋለ አያጠቃም። ጨርቁ ግንቦት ላይ ቢፈታ መጋዘኑ በሰኔና በሐምሌ ሣር ይሠራል፤ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት መስከረም ላይ ይውላሉ፤ ግልገሉ ጥቅምት ላይ በደረቅ መሬት ይወለዳል። ጥቅምት የተወለደ ጠቦት ለቀጣዩ እንቁጣጣሽ ገበያ አሥራ አንድ ወር ሊሞላው ይቃረባል። ጉድለትም አለው። ግንቦት ላይ በጎቹ የከሱ ስለሆኑ ቀድሞ ካልተመገቡ አይዙም፤ በክረምቱም የሆድ ትል መድኃኒት ያስፈልጋል። አንዱ መንደር ተስማምቶ ካልያዘው ደግሞ የጎረቤት አውራ ልፋቱን ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልሂድ። እንግዴ ልጅ በረሃብ ብቻ አይጎዳም። ብሩሴሎሲስ የሚባለው የውርጃ በሽታ ተዋህሲ በላም፣ በበግና በፍየል እንግዴ ልጅ ውስጥ የሚስማማውን ስኳር ስለሚያገኝ እዚያ ሰፍሮ ይራባል። እንግዴ ልጁ ይበሰብሳል፤ ጽንሱ በእርግዝናው መጨረሻ አካባቢ ይወርዳል፤ ላሚቱም ላይ ብዙ ጊዜ እንግዴ ልጁ ይቀርባታል። በአንድ ወረርሽኝ ጊዜ ከምንም በላይ አደገኛው ነገር ያ የወደቀው እንግዴ ልጅና ፈሳሹ ነው። ማን ያነሣዋል? እናት ወይም ልጅ፣ በባዶ እጅ። ለማን ይጣላል? ለውሻ፤ ውሻውም ወደ ጎረቤት ይጎትተዋል። በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ ከወባ ጋርም ይምታታል። ወተት ሳይፈላ በመጠጣትም ይይዛል።

በመሆኑም የወረደም ሆነ በደህና የወጣ እንግዴ ልጅ በላስቲክ ጓንት፣ ካልተገኘም እጅ ላይ በተጠለቀ ፌስታል ተነሥቶ ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። በላም ላይ እስከ 12 ሰዓት ካልወጣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ። ድንጋይ ማሰርና መጎተት ይቅር፤ ቁልፎቹን እየቀደደ ማህፀኗን ያቆስላል፤ ያች ላም በኋላ «መካን ሆነች» ተብላ ትሸጣለች። በአንድ መንጋ ሁለት ሦስት ከወረዱ ደግሞ የደም ናሙና እንዲወሰድ ለጤና ኬላው አስታውቁ። ነፍሰ ጡር ሴት በምንም ዓይነት በግ ወይም ፍየል አታዋልድ፤ እንግዴ ልጅም አታንሣ። ከብሩሴሎሲስ ሌላ ቶክሶፕላዝማ የሚባለውም በዚያ መንገድ ሊይዛትና የራሷን ጽንስ ሊጎዳ ይችላል። በዚያ ሌሊት በረት የሚገባው ባል ይሁን።

ነፍሰ ጡር ካልኩ ዘንድ፣ የሰው ነገር የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ሙያ ቢሆንም ሁለት ሦስት ቃል ሳልናገር አልወርድም። የሰው እንግዴ ልጅ ከበግ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የእናትን መከላከያ ለጽንሱ ያሳልፋል። እናት በእርግዝና የምትከተበው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሕፃኑን የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። በቆላው ደግሞ የወባ ተዋህሲ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ተደብቆ መንገዱን ያጠባል፤ ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ይወለዳል። እናቲቱ ትኩሳት ላይኖራት ይችላል። ለነፍሰ ጡሯ አጎበር መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

ረሃብ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ እጅግ በዝርዝር የተጻፈው በሆላንድ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት በምዕራብ ሆላንድ ከተሞች ጽኑ ረሃብ ገባ። የሆስፒታል መዝገቡ ስለተቀመጠ በዚያ ጊዜ በሆድ የነበሩት ልጆች እስከ ሽምግልና ድረስ ተከታትለዋቸዋል። በእርግዝናው መጨረሻ ረሃብ ያገኛቸው ትንሽ ሆነው ተወልደዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻ የተራቡትና በኋላ እናታቸው የጠገበችላቸው ግን በደህና ክብደት ተወለዱ፤ ሆኖም በሃምሳ ዓመታቸው ገደማ የልብ ሕመም ከሌሎቹ በዝቶባቸው ተገኝቷል። በእንግሊዝ አገር ሐኪሙ ዴቪድ ባርከር በሃርትፎርድሻየር አዋላጆች እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ የጻፉትን የሕፃናት ክብደት መዝገብ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጽሑፍም ትንሽ ሆነው የተወለዱት በጎልማሳነታቸው በልብ ሕመም የሚሞቱት የበለጠ መሆኑን አሳየ። እኔን የገረመኝ ግኝቱ ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ እየዞሩ ሚዛን የያዙትና የጻፉት ሴቶች ትዕግሥት ነው። ያ መዝገብ ባይኖር ማንም አያውቅም ነበር።

በእኛም ዘንድ መጋቢትና ሚያዝያ የበጓ ብቻ ሳይሆን የቤቱም የችግር ወራት ናቸው። ሁዳዴ ጾምም በዚያው ላይ ይውላል። ነፍሰ ጡር የንስሐ አባቷን ፈቃድ መጠየቋ ነውር አይደለም። ከተለመደው ላይ በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ፣ ከጤና ኬላ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል፣ ከከባድ ሸክም ዕረፍት ያስፈልጋታል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር እንኳ ነፍሰ ጡሮች ከአፈር ቁፋሮው ወጥተው ድጋፉን በቀጥታ እንዲያገኙ አድርጓል። መንግሥት ያሳረፋትን ሴት ቤቷ ውስጥ ሃያ ሊትር ጀሪካን ማሸከም አይገባም።

የመኖ ብድሩን ጉዳይ ቦርዱ ከሰዓት በኋላ በሚያደርገው ስብሰባ እንዲያይልኝ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ከስብሰባው በፊት በበር ላይ የቆመው ሚዛን ለሁላችሁም ክፍት ነው፤ ጣሳ የያዘ ሰው መጥቶ ምልክቱን ማስደረግ ይችላል። በግ የወረደባችሁ ካላችሁም ቀበሌያችሁንና ቁጥሩን አስመዝግቡኝ፤ ዝርዝሩን በዚህ ሳምንት ለእንስሳት ጤና ክሊኒኩ አደርሳለሁ።